ሦስት ዋጋ ለአንድ ጉድጓድ፦ የጓሮ መዋኛ ገንዳ ኮቴሽን ሲነጻጸር

ሦስት ሥራ ተቋራጮች የጻፉልኝን የዋጋ ማቅረቢያ፣ ኮቴሽን የሚሉትን፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። አንዱ 79,500 ዶላር ይላል። ሁለተኛው 94,000። ሦስተኛው 108,000። የጠየቅኩት ገንዳ ግን አንድ ነው፤ ወርዱ 16 ጫማ፣ ርዝመቱ 32 ጫማ፣ ጥልቀቱ በአማካይ 5 ጫማ። ጓሮውም ያው አንድ ጓሮ ነው።

ባለቤቴ ቡናዋን እንደያዘች ገልመጥ አደረገቻቸውና "ታዲያ ምን ያስጨንቃል? ርካሹን ያዝ" አለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በስልክ "በዚህ ብር አዲስ አበባ ቤት አትጀምርም እንዴ?" አለኝ። የወንድሜ ክርክር ማለቂያ ስለሌለው ተውኩት። የባለቤቴ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልግ ነበር። 28,500 ዶላር የሚያህል ልዩነት ከየት መጣ?

የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ገንዳ የሚዋኝበት ከሜሞሪያል ዴይ (ሜይ መጨረሻ) እስከ ሌበር ዴይ (ሴፕቴምበር መጀመሪያ)፣ ቢበዛ አራት ወር ነው። ሌላውን ጊዜ ተሸፍኖ ይተኛል። ይህን የማነሳው ተስፋ ላስቆርጥ አይደለም። ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ ያለ ዘመድ "እኔ በዚህ ዋጋ አሠራሁ" ሲላችሁ ከእናንተ ጋር የማይገናኝ ነገር እያወራ ሊሆን እንደሚችል ለማስታወስ ነው። አፈሩ፣ ፐርሚቱ (የግንባታ ፈቃዱ)፣ ክረምቱ ሁሉ ይለያያል። ዋጋ የሚነጻጸረው እዚያው ሰፈራችሁ ካሉ ሥራ ተቋራጮች መካከል ነው።

መጀመሪያ ሦስቱን እኩል ማድረግ

ከታች በደማቁ የተጻፈውን ድምር ለጊዜው እርሱት። አንድ ነጭ ወረቀት አውጡና ገንዳው ተጠናቆ ልጆች እስኪገቡበት ድረስ የሚያስፈልገውን ሥራ ሁሉ በግራ በኩል ጻፉ። ፐርሚት፣ ቁፋሮ፣ አፈር ማስወጣት፣ ፌሮ፣ ኮንክሪት፣ ቧንቧ፣ ፓምፕና ፊልተር፣ ኤሌክትሪክ፣ ታይልና የውስጥ ልስን፣ በዙሪያው ያለው ንጣፍ፣ አጥር፣ የተበላሸውን ሣር መልሶ ማስተካከል፣ ውኃ መሙላት። ከዚያ በእያንዳንዱ ኮቴሽን ውስጥ የቱ እንዳለ የቱ እንደሌለ ምልክት አድርጉ። አሰልቺ ነው። እኔን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። 79,500 የሚለው ወረቀት ውስጥ አፈር ማስወጣት የለም። "አፈሩ በባለቤቱ ቦታ ይከመራል" ይላል፣ በትንሽ ፊደል። ሌላ ቦታ ጠይቄ 6,000 ዶላር ተባልኩ። የኤሌክትሪክ ሥራ የለም፤ 5,500። ፐርሚት የለም፤ ከነሥዕሉ 1,800። አጥር የለም፤ 7,200። እኔ የጠየቅኩት ንጣፍ 800 ካሬ ጫማ ሲሆን እሱ ያስገባው 300 ብቻ ነው። የቀረው 500 ካሬ ጫማ በ14 ዶላር ሲታሰብ 7,000 ይሆናል። ሁሉም ሲደመር ርካሹ 107,000 ገባ።

94,000 የሚለው አፈሩንም፣ ኤሌክትሪኩንም፣ ፐርሚቱንም ይዟል። የጎደለው አጥሩና 300 ካሬ ጫማ ንጣፍ ነው። 7,200 እና 4,200 ስጨምርበት 105,400 ሆነ። 108,000 የሚለው ሁሉንም ይዟል።

28,500 የነበረው ልዩነት 2,600 ሆኖ አረፈው። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳሳያት "ስለዚህ ርካሹ ርካሽ አይደለማ" አለች። አይደለም። እንደውም መሃለኛው ነው ዝቅ ያለው። እነዚህ ዋጋዎች የእኔ ጓሮ ዋጋዎች ናቸው፤ የእናንተ ሌላ ይሆናል። ስሌቱ ግን ያው ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። "አላዋንስ" የሚባል ነገር አለ። ኮንትራክተሩ "ለታይል 1,500 ዶላር ተይዟል" ብሎ ይጽፋል። ታይሉ 1,500 ነው ማለት አይደለም። እስከዚያ ድረስ እሱ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የእናንተ ነው ማለት ነው። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለማሳየት አላዋንሱን ማሳነስ የተለመደ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት ታይል መሸጫው ሄዳችሁ የምትወዱትን ምረጡና ዋጋውን ጠይቁ። እኔ የመረጥኩት የተያዘውን እጥፍ ነበር። ባለቤቴ የመረጠችውን አልነግራችሁም።

የማይታየው ክፍል

ድምሩ ከተቀራረበ በኋላ የሥራው ጥራት ይነጻጸራል። እዚህ ላይ ሻጮች ስለ መብራትና ስለ ፏፏቴ ማውራት ይወዳሉ። እናንተ ግን በኋላ ማየት ስለማትችሉት ነገር ጠይቁ። መብራት ነገም ይቀየራል። ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ፌሮ አይቀየርም።

ግድግዳው ስንት ኢንች ነው? ፌሮው ምን ያህል ወፍራም ነው፣ በየስንት ኢንቹ ይታሰራል? ከ8 ኢንች ወደ 6 ኢንች ሲወርድ የሚገባው ኮንክሪት በሩብ ይቀንሳል። ለኮንትራክተሩ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ለዓይን ግን ምንም ልዩነት የለውም። ከሦስቱ ወረቀቶች አንዱ "በስታንዳርድ መሠረት" ብሎ አልፎታል። ያው 79,500 የሚለው ነው። ስታንዳርዱ የቱ እንደሆነ በኢሜይል ስጠይቀው ስልክ ደወለልኝ። በስልክ የተነገረ ኢንች ደግሞ አይለካም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

የውኃ ውስጥ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ፌሮው፣ መሰላሉ፣ ፓምፑ፣ በዙሪያው ያለው ብረት ሁሉ በወፍራም የመዳብ ሽቦ እርስ በርስ መያያዝ አለበት። ይህ የኤሌክትሪክ ኮድ ግዴታ ነው፤ ሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ ብረት ሲነካ ኤሌክትሪክ እንዳይመታው ይጠብቃል። ኮንክሪቱ ከመረጨቱ በፊት ኢንስፔክተር መጥቶ ያየዋል። እናንተም ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡና በየማዕዘኑ ፎቶ አንሱ። ቧንቧው የት እንዳለፈ ያሳያችኋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያፈስ ነገር ቢኖር ያ ፎቶ ንጣፍ ከማፍረስ ያድናችኋል።

ፓምፑን በተመለከተ፣ ከጁላይ 2021 ጀምሮ የፌዴራሉ የኃይል ቁጠባ ደንብ አብዛኞቹን የመሬት ውስጥ ገንዳ ፓምፖች ፍጥነታቸው የሚቀያየር እንዲሆኑ አስገድዷል። ዋጋቸው ከድሮዎቹ ከፍ ያለ ነው። ግን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ ስምንተኛ ገደማ ስለሚወርድ በመብራት ሂሳብ ይመልሰዋል። "አሮጌውን ዓይነት በርካሽ አስገባልሃለሁ" የሚል ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

መሬቱ ያለውን መሬቱ ያውቃል

ኮቴሽን ላይ ትልቁ አደጋ ያለው ከመሬት በታች ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ መሬቱ ተንኮለኛ ነው። ሎርተንና ስፕሪንግፊልድ አካባቢ "ማሪን ክሌይ" የሚሉት ሸክላ አፈር አለ። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእኛን አገር ጥቁር አፈር ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሻንቲሊና ስተርሊንግ ስትሄዱ ደግሞ ብዙም ሳትቆፍሩ ጥቁር ድንጋይ ይገጥማችኋል። አንዱ ጋ የአፈር ምርመራና የተጠናከረ መሠረት ይጠየቃል። ሌላው ጋ ኤክስካቫተሩ ላይ መሰባበሪያ ይገጠማል።

ስለዚህ በየወረቀቱ ውስጥ "ድንጋይ" የሚለውን ቃል ፈልጉ። የእኔ ሦስቱ እንዲህ ይላሉ። የመጀመሪያው፣ "ያልተጠበቀ ነገር ቢገጥም ወጪው የባለቤቱ ነው"። በቃ፤ ባዶ ቼክ ነው። ሦስተኛው፣ ድንጋይ ከወጣ በሰዓት 350 ዶላር። ይህ ይሻላል፤ ግን ሰዓቱን የሚቆጥረው ማን ነው? ኦፕሬተሩ ምሳ ሲበላስ? ሁለተኛው፣ በሚወጣው ድንጋይ መጠን በኪዩቢክ ያርድ 180 ዶላር። የኋለኛውን ወደድኩት። ድንጋይ ይለካል፤ ሰዓት ይለጠጣል።

አፈሩም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የሚያህል ገንዳ ከነግድግዳው ውፍረት ሲቆፈር ከ100 ኪዩቢክ ያርድ በላይ አፈር ይወጣል። የተቆፈረ አፈር ደግሞ ይነፋል። 12 ያርድ በሚጭን ገልባጭ መኪና ከአሥር ጊዜ በላይ መመላለስ ነው። "ጓሮ ይከመራል" የሚለው አማራጭ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ይታያችኋል። ጓሮው አይደለም የሚቀረው፤ ተራራ ነው።

መንግሥትም ድርሻ አለው። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የሚነካው መሬት ከ2,500 ካሬ ጫማ ካለፈ በመሐንዲስ የተሠራ ፕላን ይጠየቃል። ገንዳው ራሱ 512 ካሬ ጫማ ብቻ ነው። ንጣፉን፣ የማሽኑን መተላለፊያና አፈር የሚቀመጥበትን ስትደምሩ ግን ሳታስቡት ወደዚያ ትጠጋላችሁ። ጓሮው ወንዝ ዳር ከሆነ ሌላም ገደብ አለ። የሰፈር ማኅበሩም፣ ኤችኦኤው፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ኮንትራክተሩ "ፐርሚት በእኔ" ካለ፣ የካውንቲውን ክፍያ ብቻ ነው ወይስ የመሐንዲሱንም? አንዷ ቃል ሺዎች ታወጣለች።

ከቁፋሮ በፊት 811፣ የመሬት ውስጥ መስመሮችን ወደሚያሳየው አገልግሎት፣ መደወል ነፃ ነው፤ ደዋዩ ቆፋሪው ነው። የሕዝብ ጋዝና ኤሌክትሪክ መስመሮችን መጥተው በቀለም ያመለክታሉ። እናንተ ራሳችሁ ለባርቤኪው ያስገባችሁትን የጋዝ መስመር ግን አያመለክቱም። እሱን ለቆፋሪው እናንተ ንገሩት።

ዋጋ ሲጨምር የሚከፍለው ማነው?

"የዛሬ ዓመት ጠይቄ 70 ሺ ነበር" የሚል ወዳጅ ሁላችንም አለን። እውነት ሊሆን ይችላል። የገንዳ ዋጋ ካለፉት ዓመታት ወዲህ አንድ ቦታ አልቆመም፤ ምክንያቱም የሚሠራበት ዕቃ ከብዙ ቦታ ይመጣል።

በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀር የገንዳ ፈላጊው በዛ። በዚያው ዓመት ኦገስት ሃሪኬን ላውራ ሉዊዚያናን ሲመታ፣ ሌክ ቻርልስ አጠገብ የነበረ ትልቅ የክሎሪን ፋብሪካ ተቃጠለ፤ የክሎሪን ታብሌት ተወደደ። በ2021 ፌብሩዋሪ ቴክሳስ በበረዶ ስትቆም የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ የቧንቧ ዋጋ ዘለለ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ አትላንታ አጠገብ ኮንየርስ ላይ ሌላ የክሎሪን ፋብሪካ ተቃጠለ። እዚያ አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችሁ ያን ጭስ አይረሱትም። ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ ያለው ቀረጥ ከ2018ቱ 25 በመቶ ተነስቶ በጁን 2025 ለአብዛኞቹ አገሮች 50 በመቶ ሆነ። ፌሮ ደግሞ ብረት ነው።

የብድር ወለድም አለ። ብዙ ሰው ገንዳ የሚያሠራው ቤቱን አስይዞ በሚወስደው፣ ሂሎክ በሚባለው ብድር ነው፤ ወለዱም ፕራይም ሬትን፣ ማለትም የባንኮችን መነሻ ወለድ፣ ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ፕራይም በ2022 መጀመሪያ 3.25 በመቶ ነበር፤ በጁላይ 2023 8.5 ደረሰ። 100,000 ዶላር የተበደረ ሰው ወለዱ ብቻ በወር ከ271 ወደ 708 ዶላር ወጣበት ማለት ነው፤ ያውም ባንኩ ከፕራይም በላይ የሚጨምረውን ሳንቆጥር። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው እቁብ ጠብቆ ቅድመ ክፍያውን በዚያ የሚሸፍነው። እቁብ ወለድ የለውም፤ ዕጣው ኖቬምበር ላይ ሊወጣ ይችላል እንጂ።

ኮንትራክተሩም ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ያስገባል። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ፌሮ በሁለት ወር ውስጥ ቢንር ሰውየው ከኪሱ ከፍሎ ይክሰር ማለት፣ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎ ይጥፋ ማለት ሊሆን ይችላል። ዋናው አንቀጹ ልክ ያለው መሆኑ ነው።

ርካሹ ወረቀት ላይ "የዕቃ ዋጋ ዕቃው እስኪደርስ ድረስ ሊለወጥ ይችላል" ተብሏል። ጣሪያ የለውም፣ የቱ ዕቃ እንደሆነም አይልም። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ ብረት፣ ኮንክሪትና ፓምፕ ብቻ፤ የአቅራቢው ደረሰኝ ይቀርባል፤ ከውሉ ዋጋ 5 በመቶ አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈና ቁፋሮ ካልተጀመረ ቅድመ ክፍያው ተመልሶ ውሉ ይፈርሳል። ሦስተኛው ደግሞ ቁርጥ ዋጋ ነው። ምንም አይጨምርም።

እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ልቤን ወስዶት ነበር። 108,000 ቁርጥ። ንጣፉን ጨምሮ 98,200 በሚሆነው ውል ላይ አምስት በመቶው ሙሉ በሙሉ ቢጨመርበት፣ ከ7,200ው አጥር ጋር መሃለኛው 110,310 ይደርሳል፤ ስለዚህ በክፉ ቀን ሦስተኛው ይሻላል። በዚህ ስሌት ልፈርም ስል ነው ሁለተኛውን ገጽ ያነበብኩት። ቁርጥ ዋጋው የሚጸናው ለ90 ቀን ነው። ሥራ መጀመሪያ ቀኑስ? ወረፋቸው አምስት ወር ነው። ታዲያ ያ ቁርጥ ዋጋ የሚያልቀው አንድ አካፋ አፈር ሳይነሳ ነው። ሻጩን ስጠይቀው ሳቅ አለና "ያኔ እንነጋገራለን" አለ። ዋጋው የሚጸናበትን ቀንና ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ይህን ካላደረጋችሁ ቁርጥ የሚለው ቃል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ብሩ ከሥራው እንዳይቀድም

የክፍያ ሰሌዳው ከዋጋው እኩል ይነበብ። ርካሹ 40 በመቶ ሲፈረም፣ 40 በመቶ ቁፋሮ ሲያልቅ ይላል። 63,600 ዶላር ከፍላችሁ በእጃችሁ ያለው ጉድጓድ ነው። እሱም አፈሩ ጓሮ የተከመረ ጉድጓድ። ሰውየው ቢጠፋ፣ ቢከስር፣ ቢታመም፣ ማንም በቀረው 20 በመቶ አይጨርስላችሁም።

መሃለኛው 10 ሲፈረም፣ 20 ቁፋሮ ሲያልቅ፣ 30 ኮንክሪቱ ሲረጭ፣ 20 ታይልና ንጣፉ ሲያልቅ፣ 15 ከልስኑ በፊት፣ 5 መጨረሻ ላይ። ከልስኑ በፊት ያለውን ወደ 10 አውርዶ መጨረሻውን 10 እንዲያደርግልኝ ጠየቅኩ። ትንሽ አጉረመረመና ተስማማ። መጨረሻ ላይ የሚቀር ብር ኖሮ ነው ሰው ስልክ የሚያነሳው።

ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲፈረም ከውሉ ዋጋ ከሲሶ በላይ መቀበል አይቻልም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቅድመ ክፍያው 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው። ቴክሳስ ውስጥ ለገንዳ ሠሪ የሚሰጥ የስቴት ፈቃድ የለም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው ፈቃድ የሚያስፈልገው። ዳላስ ያላችሁ ስለዚህ ፈቃድ ሳይሆን ኢንሹራንስና ያለፉ ሥራዎችን ማጣራት ላይ በርቱ።

ቨርጂኒያ ውስጥ የኮንትራክተሩን ፈቃድ ቁጥር ዲፒኦአር በሚባለው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል። በወረቀቱ ላይ ያለው ስምና በፈቃዱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን እዩ። የስቴቱ ደንብ የዋጋም የሥራም ለውጥ በጽሑፍ ሆኖ ሁለቱም ወገን እንዲፈርሙበት ያዛል። "ቼንጅ ኦርደር" የሚሉት እሱ ነው። "ችግር የለም፣ በኋላ እናስተካክላለን" ሲባል ብዕር አውጡ።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤዝመንቴን ያሠራሁት በአገር ልጅ ነበር። ውል አልነበረንም። "በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል" ተባባልን፤ እኔም ብጠይቅ ያስቀይመዋል ብዬ ፈራሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ብቻ እኔ የገባኝና እሱ የገባው ሥራ ሌላ ሌላ ነበር። ሻወሩ ይካተታል አልኩ፤ አይካተትም አለ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንገት ብቻ ነው የምንነቀንቀው። ወረቀት ቢኖረን ኖሮ ወዳጅነታችን ይተርፍ ነበር። የአገር ልጅ ከሆነ እንዲያውም ወረቀቱ ይወፍር።

ሌላም አለ። ኮንክሪት የሚረጨው፣ ታይል የሚሠራው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰብ ኮንትራክተር ነው። ዋናው ኮንትራክተር ካልከፈለው ቤታችሁ ላይ የዕዳ ማስያዣ ሊያስመዘግብ ይችላል። በየክፍያው "ተከፍሎኛል፣ ቤቱ ላይ ጥያቄ የለኝም" የሚል ከሰብ ኮንትራክተሮቹ የተፈረመ ወረቀት ጠይቁ። ሊን ዌቨር ይባላል። ሥራውን የሚያውቅ ኮንትራክተር ሲጠየቅ አይደነግጥም።

ኮንክሪት ብቻ ነው እንዴ?

አይደለም። እኔ ስለ ኮንክሪት ያወራሁት እሱን ስለመረጥኩ ነው። ቪኒል ገንዳ ሲሠራ ርካሹ ነው፤ የውስጡ ሽፋን ግን በአሥር ዓመት ገደማ ይቀየራል፣ ውሻ ካላችሁ ከዚያም ይቀድማል። ፋይበርግላስ ተዘጋጅቶ በትልቅ መኪና ይመጣል፤ በጥቂት ሳምንት ያልቃል፣ ለማጽዳትም ቀላል ነው። መንገድ ላይ መጫን ስላለበት ግን ወርዱ ከ16 ጫማ ብዙም አያልፍም። ገንዳውን ከቤታችሁ በላይ በክሬን ማሳለፍ ካስፈለገም ዋጋው ይታያል። ኮንክሪት የፈለጋችሁትን ቅርጽ ይይዛል፤ ወራት ይወስዳል፣ ልስኑም በየጊዜው ይታደሳል። ማሪን ክሌይ ላይ ከሆናችሁ ግን ስለ ዓይነቱ ከመወሰናችሁ በፊት መሐንዲሱ ይናገር።

ለዓመቱም በጀት ያዙ። የእኔው ገንዳ 19,000 ጋሎን ያህል ውኃ ይይዛል። ክሎሪን፣ ኤሌክትሪክ፣ ብርዱ ሲመጣ መዝጊያ፣ ሙቀቱ ሲመለስ መክፈቻ፣ የኢንሹራንስ ጭማሪ አለ። ኢንሹራንሱን ከመፈረማችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

አጥሩን ለመጨረሻ የተውኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን አሜሪካ ውስጥ ከምንም በላይ የሚገድለው መስጠም ነው። ኮዱ ቢያንስ 48 ኢንች ከፍታ ያለው፣ በሩ በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት አጥር ይጠይቃል። እኛ ቤት ቅዳሜና እሁድ የዘመድ ልጆች ይሞላሉ፤ ክርስትናና ልደት አይቋረጥም። ከአጥሩ ላይ ልቆጥብ የሚል ኮቴሽን ይዞ የመጣን ሰው አመስግኜ እሸኛለሁ። ብሩ ካነሰ ከንጣፉ ቀንሱ።

መሃለኛውን ያዝኩት። ንጣፉ ወደ 800 ካሬ ጫማ ተስተካክሎ ውሉ 98,200 ሆነ። አጥሩን ለብቻው ለሌላ ሰው ሰጠሁ። የፈረምነው ሐሙስ ማታ፣ እዚሁ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የፈረማችሁትን እንዲህ ያለ ውል፣ በፌዴራሉ ደንብ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። ቅዳሜ ይቆጠራል፣ እሁድ አይቆጠርም። ስለዚህ እስከ ሰኞ እኩለ ሌሊት ጊዜ ነበረኝ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ውሉን እንደገና፣ ድምፄን አውጥቼ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። ዋጋው 98,200 ነው፤ ንጣፉ ግን አሁንም 500 ካሬ ጫማ ነው የሚለው። ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቁና ከሰዓት በኋላ የተስተካከለ ገጽ ይዘው መጡ። ሁለታችንም ፈረምንበት፣ ቀን ጻፍንበት፣ ባለቤቴ በስልኳ ፎቶ አነሳችው።